የቀጭን አንጓ ልክ

አቦቦ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህት ኛጉዋ ኦባንግ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከሙቀቱና ከሹራቤ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር፣ በአክስትዎ በፌበን ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሰንብቶ፣ ጎረቤታችን ጋሼ ረድዋን በቆሎ ሊሸጡ በወረዱ ጊዜ አመጡልኝ። ወዲያው ባለመመለሴ ይቅር ይበሉኝ። ወረቀትም እስክሪብቶም ነበረኝ። የጠየቁኝ ነገር ነው የከበደኝ።

መጀመሪያ ቀላሉን ልመልስ። ጣቶቼ ሁሉም ይታጠፋሉ። ሆስፒታል እንዳሳዩኝ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጨርቅ እየነከርኩ እጨምቃለሁ። መዳፌን ወደ ላይ ስገለብጥ ጥቂት ይቀረዋል፤ ውሃ ዘግኖ ለመጠጣት ግን ይበቃኛል። ሲበርድ እጅሽ ውስጥ ያለው ብረት ያምሻል ወይ ላሉኝ፣ እዚህ ብርድ የለም።

ከባዱ ይኸውና። ብረቱን ያስገቡልኝ ዶክተር ሊም በየካቲት ከቤተ ክርስቲያን ሐኪሞች ጋር ጋምቤላ ሲመጡ፣ እጄን መጀመሪያ ያሰረውን ወጌሻ ማግኘት እንደሚፈልጉ እርስዎ ጽፈውልኛል። ስሙንና መንደሩን ላኪ ብለውኛል። ያን ቀን ትዝ ይልዎታል። ዶክተሩ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስተው ለተማሪዎቹ ሲያሳዩ አንዱ፣ «ይሄን ያሰረው ወጌሻ ነው ወይስ አናጢ?» አለና ሁሉም ሳቁ። እርስዎ አልሳቁም። ዶክተሩ ማን እንዳሰረኝ በእርስዎ በኩል ሲጠይቁኝ፣ ገበያ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ነው፣ አላውቀውም አልኩ። እርስዎም እንደዚያው አድርገው ነገሯቸው። ውሸት አስተረጎምኩዎት።

ያሰረኝ አባቴ ነው። እንየው ይባላል። በሰፈራ ከወሎ ስንመጣ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ግን ያኔም ወጌሻ ነበር። ከእርሻው ሌላ ያለው ክብር ይሄ ነው። ከጎግ ድረስ ትከሻው የወለቀ ሰው ይመጣለታል፣ ይመልስለታል። ባለፈው ክረምት ከማንጎ ዛፍ ወድቄ ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ሲሰበር ጎትቶ መለሰልኝና በቀርከሃ አሰረኝ። ማሰሪያው ሲፈታ አንጓዬ እንደ ማንኪያ አንገት ጎብጦ ወጣ። አባቴ በቅቤ ሲታሽ ይቃናል አለ። ማንም ምንም አላለውም። እኔም አላልኩም።

አዲስ አበባ የመጣሁት የወንድሜን የወንዶሰንን ሚስት አራስ ቤት ላግዝ ተብሎ ነው። ወንድሜ እጄን አይቶ ሆስፒታል ወሰደኝ፤ አባቴ እንዳይሰማ ተነጋገርን። ስመለስ ወንድሜ እንደመከረኝ፣ «አንተ እንዳልከው በቅቤ እያሸሁት ተቃናልኝ» አልኩት። እጄን ይዞ አገላብጦ ሊያይ ሲል ሻንጣ ላንሳ ብዬ አመለጥኩ። ደስ ብሎት ነበር። እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ እባክዎ ስሙን ለዶክተሩ አይንገሩብኝ።

ታዛዥዎ እታገኝ እንየው


አዲስ አበባ፣ ጥር 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

እታገኝ፤

ሰላም ነሽ? እኔ ሰላም ነኝ፣ ፈተና አለብኝ። ክልሉ እዚህ ልኮ ነርስነት የሚያስተምረኝ እንድወድቅ አይደለም። ስለዚህ አጭር እጽፋለሁ።

እርስዎ አትበዪኝ። እርስዎ ስትዪኝ ሌላ ትልቅ ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ዘወር ብዬ አያለሁ፣ ማንም የለም። አንቺ በዪኝ።

ስሙን አልነገርኩም። ግን ዶክተር ለምን እንደጠየቀ አልገባሽም። ሊስቅ አይደለም። ያ «አናጢ» ያለውን ልጅ ያን ቀን ከክፍል አስወጥቶታል፣ አንቺ አላየሽም። የመጀመሪያ ራጅሽን እንደገና አየነው። ዶክተር ያለው እንዲህ ነው። አጥንቱን የጎተተው ሰው ጥሩ እጅ አለው። ወደ ቦታው መልሶታል። የተንሸራተተው በኋላ ነው። ማሰሪያው የእሷ ልክ አልነበረም አለ። ለዚያ ነው ሰውየውን የፈለገው።

በእጅሽ ውስጥ ያለውን ብረት ለምን እንደመረጠ ልንገርሽ። እሱ ወጣት ሐኪም ሆኖ የተማረበት ፕሌት፣ አጥንት የሚያያይዘው ብረት፣ ከአውሮፓ የመጣ ነው፣ ለትልልቅ አጥንት የተሠራ። የገዛ እናቱ አንጓዋ ተሰበረ። ያንን ብረት አስገቡላት። ጫፉ ከአጥንቱ አልፎ ወጣ፣ ጅማቷን እየፈገፈገ በላው። አውራ ጣቷ ሰነፈ። መርፌ መያዝ አቃታት። ከዚያ በኋላ እሱና ጓደኞቹ የአገራቸውን፣ የኮሪያን ሰው አንጓ በራጅ እየለኩ አጭርና ጠባብ ፕሌት አሠሩ። አንቺን ሲያይ፣ «ይህች ልጅ የእናቴ አንጓ አላት» አለኝ። ያኔ አልተረጎምኩልሽም፣ ታለቅሺ ነበር።

ሹራብ ያልሽው ምንድን ነው? ጋምቤላ ተወልጄ አድጌ ሹራብ የለበሰ ሰው አላየሁም።

ኛጉዋ


አቦቦ፣ የካቲት 7 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ኛጉዋ፤

አንቺ ብዬ ስጽፍ እፈራለሁ፣ ግን ይኸው ጻፍኩ። ፈተናውን እንዳለፍሽ ከፌበን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ስለ ሹራቡ ልንገርሽ። ጠባሳው በመዳፌ በኩል ስለሆነ እጄን ካልገለበጥኩ አይታይም። ቢሆንም እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ያለኝ ወንዶሰን የሰጠኝ ሹራብ ብቻ ነው። ቡናማ ነው፣ የበግ ሽታ አለው። ሰው ለምን ለበስሽ ሲለኝ ብርድ ብርድ ይለኛል አልኩ። እዚህ ደግሞ ብርድ ብርድ ያለው ሰው ወባ ነው የያዘው። እናቴ ክሎሮኪን አስገዝታ አስዋጠችኝ። ጨርሼም ሹራቡን ባላወልቅ ሁለተኛ ጊዜ አስገዛች። ይኸው ጆሮዬ እየጮኸ ነው የምጽፍልሽ። የጤና ረዳቱም ይህ ወባ መድኃኒት የለመደ ነው ብሎ ለእናቴ ነገራት። እሷ ሌሊት ተነስታ ግንባሬን ትዳስሳለች። ላብ ብቻ ነው የምታገኘው።

ዶክተሩ ስለ እናታቸው የተናገሩትን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ስለ አባቴ ያሉትንም። ለአባቴ ልነግረው አስብና፣ ልንገረው ብል መጀመሪያ ሐኪም ቤት መሄዴን መናገር አለብኝ።

ጥምቀት ዕለት ከወንዙ ስንመለስ አባቴ ሰው መሐል እጄን ይዞ ከፍ አደረገው። እንደ ማጭድ ጎብጦ ያያችሁት እጅ ይሄ ነው አላቸው። እኔ የእጄን ጀርባ ብቻ አሳየሁ። ጋሼ ረድዋን መንገድ ዳር ቆመው ያዩ ነበር፤ «እንየው፣ አንተ እኮ የተሰበረ ሞፈርም ብንሰጥህ ትገጥማለህ» አሉት። ሰው ሳቀ። ይኼኛው ሳቅ ከዚያኛው የባሰ አሳፈረኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንጓው የተሰበረ ሰው፣ ልጅ ቢሆን፣ ቢጎብጥበት እስከ መቼ ድረስ ነው ያለ ብረት ሊቃና የሚችለው? ለማወቅ ያህል ነው።

እታገኝ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 11 ቀን 1989 ዓ.ም.

እታገኝ፤

ማን ነው የተሰበረው?

ለማወቅ ያህል የሚጠይቅ ሰው ፖስታው ላይ «ቶሎ» ብሎ ሁለት ጊዜ አያሰምርም። ፌበን ደንግጣ በአውሮፕላን በሚመጣ ሰው ላከችልኝ።

ዶክተርን ጠየቅኩ። የልጅ አጥንት ቶሎ ይይዛል። ብረት አያስፈልገውም፣ አስተኝቶ ጎትቶ በጀሶ ማሰር ብቻ ነው። ግን አሁን። ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ። ከዚያ ካለፈ እንደ አንቺ ይሆናል፣ መሰበር አለበት እንደገና። ዶክተር ሰኞ የካቲት 17 ጋምቤላ ሆስፒታል ይገባል። እኔ ልምምድ ላይ ስለሆንኩ አልመጣም። ኒካው የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ያስተረጉማል። ልጁን አምጡት።

ምንም አትጻፊልኝ። አምጡት ብቻ።

ኛጉዋ


አቦቦ፣ ዓርብ የካቲት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ኛጉዋ፤

አትጻፊልኝ አልሽ፤ እኔ ግን ሳልጽፍ አፌ አይከፈትም።

የተሰበረችው ዘሃራ ናት፣ የጋሼ ረድዋን ትንሿ ልጅ። ፊደል የማስቆጥራት እኔ ነኝ። ከዒድ በኋላ በአዲሱ ቀሚሷ ኩይሳ ላይ ወጥታ ስትዘል ተንሸራታ ወደቀች። ጋሼ ረድዋን ወዲያው ጋምቤላ ሊወስዷት መኪና ሊለምኑ ወጥተው ነበር። መንገድ ላይ ሰዎች፣ «የእታገኝን እጅ አላየህም እንዴ?» አሏቸው። ተመለሱ። ልጅቷን አባቴ ፊት አስቀምጠው፣ «እንደ እታገኝ አድርግልኝ» አሉ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። በሹራቤ።

አባቴ ጎትቶ መለሰው። ዶክተሩ እንዳሉት ነው፣ እጁ ጥሩ ነው፤ ልጅቷ አንዴ ብቻ ጮኸች። ከዚያ ከጣራው ሥር የተሰካውን ቀርከሃ አውርዶ አሰራት። ያን ቀርከሃ አውቀዋለሁ። ሲያመኝ የነከስኩበት የጥርሴ ምልክት ጫፉ ላይ አለ። አባቴ የሚያስረው ሁሉንም በዚያ ነው፤ ለገበሬ ክንድ የተቆረጠ ነው። በዘሃራ እጅ ላይ መዳፏን አልፎ ጣቶቿ ጋ ይደርሳል፣ ከላይ ደግሞ ክርኗን ይነካል። ክንዷን ባጠፈች ቁጥር ይንሸራተታል። አንጓው ላይ የያዘው ነገር የለም። የኔም እንደዚያ ነበር። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ስለ ዶክተሩ እናት ካነበብኩ በኋላ ገባኝ።

ትናንት ፊደል ልታጠና ስትመጣ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አየሁት። መጉበጥ ጀምሯል። «የኔም እንደ አንቺ ይሆናል አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ነገ ጠዋት ጋሼ ረድዋን ማሰሪያውን ሊያጠብቁላት ያመጧታል። እጄን ካሳየሁ አባቴ በጎረቤት ፊት ይዋረዳል። ካላሳየሁ ዘሃራ ሁለተኛ ትሰበራለች፣ ይሄን ብረት የሚያስገባላት ወንድምም አዲስ አበባ የላትም። ሌላ መንገድ ፈለግሁ። አባቴን ለብቻው ልንገረው ብዬ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወባው እንዴት ነው አለኝ። ተሽሎኛል ብዬ ተነሳሁ።

ነገ ካልተናገርኩ ይህ ደብዳቤ አይደርስሽም፤ አልልከውምና።

እታገኝ


አቦቦ፣ መጋቢት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ኛጉዋ፤

የዓርቡ ደብዳቤ ስለደረሰሽ መናገሬን አውቀሻል። ዶክተር ሊም ተመልሰው የነገሩሽን እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እውነት ነው። ሁሉን ግን እሳቸውም አላዩም፤ ግማሹ ግቢያችን ውስጥ ነው የሆነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ረድዋን ዘሃራን አምጥተው ማንጎው ሥር ተቀመጡ። አባቴ ገመዱን ሊያጠብቅ ጎንበስ ሲል ሹራቤን አወለቅሁ። ጋሼ ረድዋን፣ «ወባው ለቀቀሽ?» ብለው ሳቅ አሉ። እኔ እጄን ገልብጬ አባቴ ፊት ዘረጋሁ። የማወራውን ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና አድሬ ነበር፣ አንዱም አልመጣልኝም።

አባቴ በአውራ ጣቱ ጠባሳውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው።

«ማን ነው የሰፋው?»

«ሐኪም ነው። አዲስ አበባ።»

«ቅቤውስ?»

«ውሸት ነው።»

ውስጡ ብረት እንዳለ ነገርኩት። ጋሼ ረድዋን የልጃቸውን እጅ አዩ፣ የኔን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። እሳቸውም የሚያፍሩ ይመስሉ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ግን ከኔ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«የደበቅሽው እጅሽን ነው ወይስ እኔን?» አለኝ።

አልመለስኩለትም። ላንቺ እመልሳለሁ። እሱን ነው። አዲስ አበባ ከተማሪዎቹ፣ እዚህ ከመንደሩ፣ ሁለቱም ቦታ እሱን ነው የደበቅሁት። ለእሱ ክብር ብዬ ነው እያልኩ ነበር፤ አፍሬበት ነው።

ከዚያ አንቺ የጻፍሽልኝን ነገርኩት። የጎተተው ሰው ጥሩ እጅ አለው፣ ማሰሪያው ግን የልጅቷ ልክ አልነበረም ብለዋል አልኩት። ያ ያጽናናው እንደሆነ አላውቅም። የዘሃራን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው እምቢ አለው። ጋሼ ረድዋን ሊያግዙት እጃቸውን ሲሰዱ፣ «ተው፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ» አላቸው። በጨርቅ ብቻ አንጠልጥሎ አንገቷ ላይ አሰረላት።

ሰኞ ጠዋት እህል በጫነ አይሱዙ ሄድን፤ ጋሼ ረድዋን፣ ዘሃራ፣ አባቴና እኔ። አባቴን ማንም ና አላለውም ነበር። መንገዱን ሁሉ ጋሼ ረድዋን አላናገሩትም። ዘሃራ ግን እሱ ጭን ላይ ነው የተኛችው፣ መኪናው ሲያናውጽ እጇን ስለሚይዝላት።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ አወቁኝ። እጄን ጨብጠው፣ አጣጥፈው፣ ገልብጠው አዩ፣ ሳቁ። ከዚያ የዘሃራን ራጅ አይተው በኒካው በኩል ማን እንዳሰራት ጠየቁ። ሌሎች ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ። ክፍሉ ተማሪዎቹ የሳቁበትን የአዲስ አበባውን ክፍል ይመስል ነበር። እኔ መሬት ሳይ አባቴ ከበሩ ሆኖ እኔን እያመለከተ ተናገረ።

«እኔ ነኝ። ይህችንም ያሰርኳት እኔ ነኝ። አባቷ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ዶክተሩ እኔን አዩኝ። አላውቀውም ያልኳቸው ትዝ ብሏቸው እንደሆነ አላውቅም። ኛጉዋ፣ ምነው ያኔ መሬቱ በተሰነጠቀ። ዶክተሩ ጎንበስ ብለው ለአባቴ እጅ ነሱ፤ እሱ ግራ ገብቶት እሱም ጎንበስ አለ።

ዘሃራን አስተኝተው ሲጎትቱ እንዲያይ አስገቡት። የሆነውን እሱ አልነገረኝም፤ ኒካው ነው የነገረኝ። ዶክተሩ ክርኗን ይዘው እጇን ለአባቴ ሰጡት አለኝ። የጎተተው እሱ ነው። ጀሶውን ዶክተሩ አደረጉት፣ ከክርኗ በታች ጀምረው ጣቶቿ ሳይደርሱ አቆሙት። አባቴ የቆመበትን ቦታ በጣቱ እየለካ ሁለት ጊዜ አየው።

ኋላ ውጭ ዛፍ ሥር ሳለን ዶክተሩ እኔ ውስጥ ያለውን የመሰለ ብረት ከሳጥን አውጥተው ሰጡት። ትንሽ ነው፣ አናቱ ሰፋ ያለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። የእናታቸውን ታሪክ ነገሩት፣ ኒካው አስተረጎመ። አባቴ ብረቱን የራሱ አንጓ ላይ አስቀመጠው። አናቱ የአንጓውን ግማሽ እንኳ አልሸፈነም። ከዚያ እጄን ሳበና ጠባሳዬ ላይ አደረገው። ልክ ነበር።

«ለኔ አይሆንም» አለ። ብረቱን መለሰላቸው።

አሁን ዘሃራ ጀሶዋ ላይ ፊደል እየጻፈች ነው። ጋሼ ረድዋን ከሩቅ ሰላም ይሉናል፤ ግቢያችን ግን አልገቡም። እናቴ የዋጥኩትን ክሎሮኪን ሁሉ እያነሳች ስትስቅም ስትቆጣም ትውላለች። አንድ ሰው ትከሻው ወልቆ መጣ፣ አባቴ መለሰለት። አንዲት ሴት አንጓዋ ተሰብሮ መጣች፣ ሆስፒታል ሂጂ ብሎ ላካት። ሴትየዋ እያጉረመረመች ሄደች።

ትናንት ከጣራው ሥር ያለውን ቀርከሃ ሁሉ አወረደ። ያንን የተነከሰውን ማገዶ ውስጥ አልጨመረውም፤ ለብቻ አስቀመጠው። አዲስ ቀርከሃ ሰንጥቆ ጠራኝ። ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው በሚያልፍበት በኩል አስቀምጦኝ እጄን ገልብጦ ጭኑ ላይ አደረገው። ቀርከሃውን ክንዴ ላይ ለክቶ ከአንጓዬ እጥፋት ላይ በቢላ ምልክት አደረገና ቆረጠው። ሰው እያለፈ ጠባሳዬን ያይ ነበር። እጄን ልስብ ስል ያዘው። ለማን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«እንዳንቺ ቀጭን ለሆነ ሰው። ሆስፒታል እስኪደርስ» አለኝ።

ይሄ ከዚያ ወዲህ ያናገረኝ ረጅሙ ነገር ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ነው። እሱ ፊት ለፊቴ ቀርከሃውን እየላገ ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ ሳነብለት ግን ይሰማል። እስከ ዛሬ የጻፍኩልሽን ሁሉ ከሹራቤ ሥር ነበር የምደብቀው። ይኼኛው ጉልበቴ ላይ ተዘርግቷል። ምን እያልሽ ነው ቢለኝ፣ «አላውቀውም» ያልኩበትንም ሳይቀር አነብለታለሁ።

ደጋግሞ ቀና ብሎ አየኝ። እስካሁን አልጠየቀኝም።

እታገኝ